አንድ ፖስታ

ፍሎረስ ደሴት ላይ፣ ከአትላንቲክ መሐል፣
ንፋስ በር ሲመታ ሰው የመጣ ይመስላል።
አማቴ አማንሲዮ ግንበኛ ነበረ፤
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሳይለስን ያስማማል፤
የካበውን ላም አይዘለው፣ ማዕበል አይንደው፤
ጠማማ መስመር ካየ ሳይበላ ይከርማል።

አንድ ቀን ግን መንገዱ ከእግሩ ሥር ሸሸ፤
እንደ ጀልባ ወለል ምድር ተዋለለ።
"ጠጥቷል" አሉት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፤
ወይን በአፉ ሳይዞር ሰካራም ተባለ።
እናቱም ሰካራም፣ የእናቱም አያት፤
ስም ያጣ በሽታን በሐሜት አወቁት።

ሐኪሟ ሊዮኒልዳ ደብተር ይዛ መጣች፤
የጥምቀት መዝገቡን ከቄሱ ተውሳ
ሦስት ሌሊት አነበበች፣ አቧራና ብል መሐል።
ሴቱን በክብ ሣለች፣ ወንዱን በሳጥን፤
የታመመውን አጠቆረች።
የኢዳሊናን፣ የሚስቴን፣ ክብ ግን ባዶ ተወች።
"ይህን የሚሞላው ደምሽ ነው፤
ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም።"
ኢዳሊና አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንደነገረችን፦
በዘራችን ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤
ጤነኛው ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ብሎ ያልፋታል፤
እነሱ ቤት ግን ትንተባተባለች፣
ሰባ ጊዜ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሦስት፣
ገጽ መግለጥ እንደጠፋው ተማሪ።
መሬት በዳኛ ይከፈላል፣ ላም በሽማግሌ፤
ይቺን ቃል የሚያካፍል ሸንጎ የለም፤
ልጅ ወይ ይወርሳታል፣ ወይ አይወርሳትም።

ከዚያ አረገዘች።
ወተት አራግፌ ስመለስ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣
በመኪናው መስኮት ነገረችኝ። ሳቅን። ሞተሩም ጠፋ።

"የልጁን ልወቅ" አለች፣ "የራሴን አልሻም።"
ሊዮኒልዳ ብዕሯን አስቀመጠች፦
"ልጁ ቃሏን ከያዘ፣ ከማን እንዳመጣት
ማንም አይጠይቅም፤ ይታወቃል።
ፖስታው አንድ ነው፣
የሚነበብበት ግን ሁለት ሰው።"

ቢሆንም ወደ ቴርሴይራ በረርን።
ቀጭን መርፌ ከእንግዴ ልጁ ጫፍ
የክር ቁራጭ የምታህል መዘዘች።
እሷ ወደ ፖርቶ ቤተ ሙከራ፣ እኛ ወደ ቤት።
መልሱ ሊደርስ ሲል ጉም ወረደ።

እዚህ ጉም ሲወርድ አውሮፕላን አያርፍም፤
ጋዜጣ፣ ቲማቲም፣ የደም ግፊት ኪኒን፣
የእኛም ሃያ ወይ ሰባ፣
ጎረቤት ደሴት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።
አራት ቀን።
ሕጉ የሚቆጥረው ሳምንት አለው፤ ሆዷም የራሱ።
ኢዳሊና ሜዳ ወጥታ ሰማዩን ታያለች፤
እኔ እግሯን።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም፦
ሳህን ስታነሳ ጣቶቿን እከታተል ነበር፤
ደረጃ ስትወርድ ትንፋሼን እይዝ ነበር።
ፍቅሬ ሰላይ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ጉሙ ተቀደደ።
ሊዮኒልዳ ራሷ መጣች፤ በስልክ አልፈለገችም።
ጠረጴዛው ላይ፣ ከግማሽ ዳቦ አጠገብ፣
ፖስታው ተቀደደ።
"ሃያ ሦስት" አለች። "ልጁ ቃሏን በልክ ነው የሚላት።"
አማንሲዮ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤
ኮፍያውም ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር።
ኢዳሊና ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
"የእኔስ?"
"የአንቺን አይናገርም። ሳንቲም ተወርውሮ ዘውድ ወጣ ማለት
ከጀርባው ጎፈር የለም ማለት አይደለም።"

ወጣን። ጉሙ የተወው ሣር ያበራል።
በግንቡ ጥግ ስናልፍ
እግሯ ተደናቀፈ።
አየችኝ። አየኋት።
"ድንጋይ ነው" አለች።
"ድንጋይ ነው" አልኳት።
ሽማግሌው ከኋላችን፣ እየተዋለለ፣ ደረሰ፤
ጎንበስ አለ፤ ሁለቴ ሳተው፣ በሦስተኛው ያዘው።
እውነትም ድንጋይ ነበር።
ግንቡ ላይ ክፍተት ፈለገለት፤
እጁ እስኪረጋ
ቆመን ጠበቅነው።